ዳገቱ ይመስክር

ልጄ፣ አንቺና ባለቤትሽ ከኮተቤ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ ለበዓልም ሁላችሁንም ደሴ ድረስ የሚወስድ ያገለገለ የናፍጣ መኪና ልትገዙ እንዳሰባችሁ ነግረሽኛል። ገንዘቡ የዓመታት ቁጠባ፣ ዕቁብና ብድር የተቀላቀለበት መሆኑንም አውቃለሁ። ስለዚህ አሁኑኑ ልምከርሽ፤ ብሩ ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ምክር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

በመጀመሪያ ገበያው ምን እንደሚመስል እወቂ። ጥር 2016 ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ በፊትም በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪናዎች ላይ ግብር አክብዶ ነበር። እንግዲህ ዛሬ መገናኛ ቆሞ የምታዪው የናፍጣ የቤት መኪና እዚሁ የከረመ ነው ማለት ነው። የእኛን ጉድጓድ ረግጧል፣ የእኛን ናፍጣ ጠጥቷል፣ በእኛ መካኒክ እጅ ተፈትቶ ተገጥሟል። አዲስ ስለማይገባም ያረጀው እንኳ በሚሊዮን ብር ይጠራል፤ የወደቀው ቀለም ተቀብቶ ይነሣል፤ ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ ይመለሳል። በቅሎን «አባትህ ማነው?» ቢሉት «እናቴ ፈረስ ናት» አለ ይባላል፤ ሞተሩን ስትጠይቂ ስለ ቆዳ ወንበሩና ስለ ስክሪኑ የሚያወራሽ ደላላም እንደዚያው ነው።

ነገር ግን እዚህ መክረሙ ለገዢ ጥቅምም አለው። ታሪኩ ባሕር ማዶ አልቀረም፤ እዚሁ ከተማ ውስጥ የሚያውቀው ሰው አለ። ዘይቱን የሚቀይርለት ልጅ፣ ፍሪሲዮኑን የሠራው መካኒክ፣ ማታ ማታ የሚያሳድርበት ግቢ ዘበኛ አለ። ስለዚህ ዋናው ምክሬ ይህ ነው፤ መኪናውን ከማየትሽ በፊት የያዘውን ሰው እዪ። «የት ነው የምታሠራው?» ብለሽ ጠይቂና ወደዚያው ጋራዥ ሂጂ። ጋራዡን በስም ጠርቶ፣ ዘይት የቀየረበትን ቀን በደብተር ጽፎ ይዞ የሚያሳይሽ ባለቤት ካገኘሽ፣ መኪናው ሌላው ከሚለው ትንሽ ቢወደድም ከእሱ ግዢ። «መካኒክ ጋ ሄዶም አያውቅ» እያለ የሚምልልሽን ግን ተዪው። ናፍጣ ዘይትና ፊልትሮ በጊዜው ካልተቀየረለት ዕድሜ የለውም፤ ጋራዥ ያልሄደ መኪና ጤነኛ ሳይሆን ያልታከመ ነው።

አሁን ደግሞ የማትወጂውን ጥያቄ ልጠይቅሽ። ናፍጣ የግድ ያስፈልጋችኋል? ድሮ ናፍጣ የሚመረጠው ዋጋው ስለሚረክስም ነበር። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሣ መጥቶ፣ በ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ቤንዚን 100 ብር ሲያልፍ ናፍጣም እዚያው አፋፍ ላይ ደርሶ ነበር። በሊትር ላይ የነበረው ልዩነት ጠብቧል። የቀረው ጥቅም ናፍጣ በአንድ ሊትር ርቆ መሄዱና ሰውና ዕቃ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ጉልበት ማግኘቱ ነው። መንገዳችሁ ከኮተቤ መገናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ትንሽ የቤንዚን መኪና ትበቃችኋለች፣ ጥገናዋም ይቀላል እልሽ ነበር። እናንተ ግን በዓመት ብዙ ጊዜ ወደ ደሴ ስትሄዱ የጣርማ በርን ዳገት ታቋርጣላችሁ፤ እናትሽንም ታመላልሳላችሁ። ለእናንተ ናፍጣ ያዋጣል። ለጎረቤትሽ ላያዋጣት ይችላል፤ «እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» ማለት በመኪናም ይሠራል።

ያላችሁን ብር ሁሉ መኪናው ላይ እንዳትጨርሱ። ከስድስት ብር አንዱ ኪስ ይቅር። ያገለገለ ናፍጣ ገዝቶ በመጀመሪያው ወር ጋራዥ ያልገባ አላየሁም፤ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየራል፣ ሞተሩ ባለ ታይሚንግ ቺንጋ ከሆነ ቺንጋው ይቀየራል፣ ጎማ ያስፈልጋል። የታይሚንግ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ ባለቤቱ በማስረጃ ካላሳየሽ እንዳልተቀየረ ቁጠሪው፤ እሱ የተበጠሰ ዕለት ቫልቮላና ፒስቶን ተጋጭተው ሞተሩ ያልቃል። የስም ማዛወሪያው፣ የሦስተኛ ወገን መድኑ፣ የቦሎው ወጪም አለ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።»

የቱን እንግዛ ላልሽኝ፣ እኔ ናፍጣዎችን በሁለት እከፍላቸዋለሁ። አንደኛው የድሮው፣ ፖምፓው ያለ ኮምፒውተር የሚሠራው ነው። የኮሮላው ቱ ሲ፣ የሃይሉክሱ ፋይቭ ኤል፣ የላንድ ክሩዘሩ ዋን ኤች ዜድ እዚህ ይገባሉ። ፋይቭ ኤል 3 ሊትር፣ ዋን ኤች ዜድ 4.2 ሊትር ሲሆኑ ሁለቱም ቱርቦ የላቸውም። ፍጥነት አትጠብቂባቸው፤ ግን ደብረ ሲና ላይ ቢቆሙ እዚያው ያለ መካኒክ ያስነሣቸዋል፤ ዕቃቸውም ሶማሌ ተራ ሞልቷል። ቱ ሲ ኮሮላ ሙቀት አይችልም፤ አንድ ጊዜ ውሃ ጨርሶ ከፈላ ቴስታታው ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራው ባለ ቱርቦ ፕራዶ፣ ዋን ኬ ዜድ የሚሉት፣ ያው ሕመም አለበት። ፕራዶ ስለሆነ ብቻ ዓይንሽ እንዳይሳብ።

ሁለተኛው ዲፎርዲ የሚሉት ነው። እዚህ ናፍጣው ወደ ኢንጀክተሩ የሚገባው እጅግ በከፍተኛ ግፊት፣ በኮምፒውተር ትእዛዝ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ድምፁ ይለዝባል፣ ጉልበቱም ጥሩ ነው። ጠላቱ ቆሻሻና ውሃ የገባበት ናፍጣ ነው። ኢንጀክተሮቹ ከተበላሹ የአራቱ ዋጋ ያስደነግጣል። በተለይ 3 ሊትሩ የፕራዶና የሃይሉክስ ሞተር የኢንጀክተር መቀመጫው ሲያፈስ ጭሱ ወደ ዘይት ይገባና ጥቀርሻ ይሠራል፤ ጥቀርሻው ከታች የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍነዋል፤ ዘይት ያጣ ሞተር ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። የዚህን ሞተር መኪና ከያዘ ሰው ስትገዢ የኢንጀክተሩን ጓርኒሲዮን መቼ እንዳስቀየረ ሳትጠይቂ እንዳትወጪ።

ከአውሮፓ የመጡ፣ የጭስ ማጣሪያ ማርሚታቸው ውስጥ የተገጠመላቸው የቅርብ ዓመታት ናፍጣዎችም አሉ። ማጣሪያው ያጠራቀመውን ጥቀርሻ የሚያቃጥለው መኪናው ረጅም መንገድ በፍጥነት ሲሄድ ነው። ጠዋት ከኮተቤ ላምበረት፣ ከላምበረት መገናኛ በመጨናነቅ ለሚጎተት ሰው ይህ ማጣሪያ በወራት ውስጥ ይደፈናል። እነሱን ተዪያቸው።

የኔ ፍርድ ይህ ነው፤ አምስት ሆናችሁ ለምትሄዱት ለእናንተ፣ በደንብ የተያዘ 1.4 ሊትር ዲፎርዲ ኮሮላ ካገኛችሁ እሱን ግዙ። ካጣችሁና ጭነት ከበዛ ዳብል ጋቢና ሃይሉክስ፣ ቢቻል ፋይቭ ኤል። ዳብል ጋቢና ከሆነ ግን የሰሌዳውን ዓይነት እዪ፤ የንግድ ከሆነ ግብሩና የንግድ ፈቃዱ አብሮት ይመጣል። ልጆቹንም ከኋላ ካርጎው ላይ እንዳታስቀምጪ፤ ቀበቶ ያለው ወንበር ላይ ይታሰሩ። የኋላ ቀበቶዎቹ ይሠሩ እንደሆነ በገዛ እጅሽ እየጎተትሽ ሞክሪ፤ በዚህ ነገር ላይ አልደራደርም።

መኪናውን ለማየት የምትሄጂው ጠዋት በማለዳ ይሁን። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ካንዴላ አይለኩስለትም፤ አየሩን ጨምቆ በማሞቅ ነው የሚነሣው። ስለዚህ ሞተሩ ደክሞ እንደሆነ፣ ካንዴሌታውም ሞቶ እንደሆነ የሚያጋልጠው ብርድ ነው። ለዚህ ፈተና የየካ ማለዳ ራሱ ይበቃል፤ እቴጌ ጣይቱና ምኒልክ ብርዱን ሸሽተው ወደ ፍል ውሃ ከወረዱበት እንጦጦ የሚነፍሰው ነፋስ ኮተቤም ይደርሳል። ስትደርሺ መጀመሪያ ኮፋኖውን ዳሰስ አድርጊው። ሞቆ ከጠበቀሽ «ቀድመን አስነሥተን አሞቅነው» ማለት ነው፤ ነገ እመለሳለሁ በያቸው።

ሲነሣ ጭሱን ተመልከቺ። ትንሽ ነጭ ወጥቶ ከጠፋ ብርድ ነው። ሞተሩ ሞቆም ነጩ ካልቆመ ውሃ እየገባ ወይም ኢንጀክተሩ እየደከመ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ፋሻው ወይም ቱርቦው አልቋል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቺው፤ ጭስ እየተነፋ ከወጣ የሞተሩ መታደሻ ደርሷል። የዘይቱ መጥቆር አያስደንግጥሽ፤ የናፍጣ ዘይት ከተቀየረ በሳምንቱም ይጠቁራል። ወተት የመሰለ ከሆነ ግን ውሃ ገብቶበታል፤ ዋጋ ሳትጠይቂ ወደ ቤትሽ ተመለሺ።

ከዚያ ዳገት አውጪው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ ሞተር የደበቀውን ደግሞ እንጦጦ ያወጣዋል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያወጣውን መንገድ ውጪ፤ ቅርብ ከፈለግሽም ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ያለው ይበቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ እንጦጦ አናት ላይ ከ3,000 ያልፋል። አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር እዚህ ከተማው ውስጥ በሩብ ገደማ፣ እዚያ አናት ላይ በሲሶ ሊሞላ በቀረበ ይሳሳል። ናፍጣው ሙሉ፣ አየሩ ጎዶሎ ሲሆን ጭሱ ይጠቁራል፣ ጉልበቱ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ዳገት ላይ ትንሽ ቢጠቁር ይቅር በይው። ቱርቦ ያለው ሆኖ አምስት ሰው ጭኖ ጥቁር ጭስ እየለቀቀ ከሚያቃስት ግን ቱርቦው ወይም ኢንጀክተሩ ታሟል። ያንን ጭስ በየዕለቱ የሚውጡት ከጫካው እንጨት ተሸክመው በመንገዱ ዳር የሚወርዱት እናቶች ናቸው፤ ይህም ይታሰብሽ።

በዳገቱ ላይ ዓይንሽ የሙቀት ጌጁ ላይ ይሁን። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ራዲያተሩን የሚያድነው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ክዳኑ የላላ፣ ራዲያተሩ የተደፈነ መኪና ከተማ ውስጥ ጤነኛ መስሎ ዳገት ላይ ይፈላል። ጌጁ ከመሃል አልፎ ሽቅብ ከሄደ አቁሚ። ራዲያተሩን ግን ሞቆ እያለ እንዳትከፍቺ፤ ፊትሽን ያቃጥልሻል። ስትወርዱ በሁለተኛ ማርሽ ያዙት፤ ማርሹ የሚጥል ከሆነ ካምቢዮው ሥራ ይፈልጋል፤ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን የሚስብም ከሆነ ለመካኒኩ ንገሪው። መካኒኩ የናንተ ይሁን፤ ሻጩ ያመጣው አይሁን።

ወረቀቱ ላይ ደግሞ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከብረቱ ላይ በዓይንሽ አነጻጽሪ። ሞተሩ ተቀይሮ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ስም ሲዛወር ችግሩ የናንተ ይሆናል። የባንክ እገዳ፣ ያልተከፈለ ቅጣት፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳለበት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ አጣሩ። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው አብሮ ይፈርም፤ ካላገባም ማስረጃውን ያምጣ። ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይሁን፣ ብሩም በባንክ ይተላለፍ።

«ስሙን በኋላ ታዞሪያለሽ፣ ለጊዜው በውክልና ንጂው» ካሉሽ እምቢ በይ። ውክልና የሰጠ ሰው ሲሞት ውክልናው አብሮ ይሞታል፤ ሊሽረውም ይችላል፤ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ስትመላለሺ ዓመት ያልፋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። «ሌላ ገዢ ከሰዓት ይመጣል» ብለው ካጣደፉሽም ይምጣ፣ ይግዛው።

ዋጋ ስትከራከሪ አትፈሪ፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። መካኒኩ ያገኘውን ጉድለት ሁሉ በወረቀት ጻፊና የጥገናውን ዋጋ ከሻጩ ፊት አስቀምጪ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ደውሉልኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት አብሬያችሁ እመጣለሁ።