የማይከፈተው በር

ኅዳር 21 ቀን የአክሱም ጽዮን ግቢ ነጠላ ባጣፋ ሕዝብ ይሞላል። ከመንገዱ ማዶ ሐውልቶቹ ቆመዋል። የተተከሉት ለታላላቆች መቃብር ምልክት ነው፤ ያውም ክርስትና ሳይገባ። ታዲያ ምእመኑ የሌላ እምነት ድንጋይ ስለምን ይወዳል?

ሮም የከረመውን ሐውልት ጠጋ ብሎ ማየት ይበጃል። ቁመቱ 24 ሜትር ገደማ ነው። ግርጌው ላይ በፊቱም በጀርባውም በር ተቀርጿል፤ ከበሩ በላይ መስኮት በመስኮት ላይ ተደራርቧል፣ እንደ ፎቅ ቤት። በየመሐሉ የአግዳሚ ግንድ ጫፎች ሳይቀሩ ክብ ክብ ሆነው ወጥተዋል። ጠራቢው ከአንድ ወጥ ድንጋይ ቤት አበጅቶ፣ በሩን ግን ለሕያዋን አልከፈተውም።

የጣልያን ፋሺስቶች ሐውልቱን በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም ወሰዱት። ጣልያን በ1939ኙ የሰላም ውል ለመመለስ ፈርማ ነበር። ሐውልቱ አገሩ የገባው ግን በ1997 ነው፤ ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ በአውሮፕላን። በ2000 ዓ.ም. ዳግም ቆመ።

ለድንጋይ ይህን ያህል ዘመን መሟገት ጣዖት ማምለክ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። አይደለም! በአባቱ መቃብር ላይ የሚያለቅስ ልጅ አፈሩን አያመልክም። የአክሱም ሰው እምነቱን ለወጠ እንጂ አያቶቹን አልካደም፤ ቤተ ክርስቲያኑንም ከመቃብራቸው ፊት ለፊት ሠራ።

አክሱም የሚሄድ ሰው ጽዮንን ከተሳለመ በኋላ መንገዱን ይሻገርና ያንን የድንጋይ በር ቀርቦ ይየው።