ጀናዛውን ማን ያንሳ?

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። የአላህ ባሮች ሆይ፤ እናንተንም ራሴንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ።

አማ በዕድ፦ በኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘመን የሓጢብ ባሮች የአንድ የሙዘይና ሰው ግመል ሰርቀው አረዱ። ዑመር በመጀመሪያ እጃቸው እንዲቆረጥ አዘዙ፤ ወዲያው ግን ነገሩን መለስ ብለው አዩት። ፊታቸውን ከሌቦቹ ወደ ጌታቸው አዞሩና ባሮቹን የሚያስርባቸው እሱ እንደሆነ ጠረጠሩ። ባለግመሉ ቀድሞ ለግመሉ 400 ዲርሃም ተሰጥቶት አልሸጥም ብሎ ነበርና፣ ሓጢብ 800 እንዲከፍል ተፈረደበት። ሓጢብ የበድር ዘማች፣ የተከበሩ ሰሐባ ናቸው፤ ቢሆንም ከመጠየቅ አልዳኑም።

አሁን ስለ አንድ ፊልም ልናገር ነው። ሚንበር ላይ ፊልም ምን አመጣው የምትሉ ታገሱኝ፤ የማወራው ስለ ጀናዛ ነው።

የሞሮኮው ነቢል ዓዩሽ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ዓሊ ዛዋ» ካዛብላንካ ጎዳና ላይ የሚያድሩ አራት ታዳጊዎችን ያሳየናል። ተዋንያኑም አብዛኞቹ እውነተኛ የጎዳና ልጆች ናቸው። ይለምናሉ፣ ይሰርቃሉ፣ ማስቲሽ ይስባሉ። ዲብ ከሚባል አለቃቸው ቡድን ተገንጥለዋል፤ ከዚያው ቡድን የተወረወረ ድንጋይ ዓሊን ራሱን መትቶ ይገድለዋል። ሶስቱ ጓደኞቹ ኩዊታ፣ ዑመርና ቡበከር ጓደኛችን እንደ ልዑል ይቀበራል ብለው ይነሳሉ። ሬሳውን ወደቡ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ይደብቃሉ። ዓሊ መርከበኛ የመሆን ምኞት ነበረውና የመርከበኛ ልብስ ያፈላልጉለታል።

ሟችን ማጠብ፣ መከፈን፣ መስገድ፣ መቅበር ፈርዱል ኪፋያ ነው፤ ጥቂቶች ከተወጡት ከሌላው ይነሳል፣ ማንም ካልተወጣው ወንጀሉ የሁሉም ነው። ካዛብላንካ ሚናራው 200 ሜትር ያለፈ መስጊድ ባሕር ዳር ያቆመች ከተማ ናት። በፊልሙ ያ ግዴታ የወደቀው በሶስት ሌባ ልጆች ትከሻ ላይ ነው።

ይህን እላለሁ፤ ለእኔም ለእናንተም አላህን ምሕረት እለምናለሁ።

ስርቆት ሐራም ነው። ኸሊፋው ዑመርም የግመሉን ዋጋ አስከፍለዋል እንጂ አልተዉትም። ግን የተተዉ ልጆች ነገር በስርቆት ብቻ አያበቃም፤ በግንቦት 2003 እ.ኤ.አ. ካዛብላንካን ያሸበሩት አጥፍቶ ጠፊዎች ሲዲ ሙመን ከሚባል የድሆች ሰፈር የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ዓዩሽ በፊልሙ ስም ፋውንዴሽን አቋቁሞ፣ እዚያው ሰፈር በ2014 የባህል ማዕከል ከፈተ። ሙዚቃና ዳንስ ይሰጥበታል። ዑለማዎች በሙዚቃ ላይ ያላቸውን ቃል አልዘነጋሁም፤ የእኔ ጥያቄ፣ የመስጊድ ሰዎች ቀድመውት ምን ከፍተው ነበር የሚል ነው።

እኛም ደጃፍ ላይ በሃይላንድ ማስቲሽ ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። እንዳይወስዱብን ጫማችንን በፌስታል ጠቅልለን ይዘን እንገባለን፤ ስንወጣ ሳንቲም ጣል አድርገን እናልፋለን። ስማቸውን የሚያውቅ ግን ስንት ሰው አለ? ከሰላት በኋላ ኮሚቴው መድረሳው ውስጥ ይቀመጣል። መኝታ ያለው፣ ሙያ የሚያስተምር፣ ዘካው የደረሰበት ሰው ሳይወጣ ስሙን ያስመዝግብ።

አላህ ሆይ፤ ጎዳና ያደሩ ልጆቻችንን ጠብቅልን፤ ወላጅ ያጡትን የሚሰበስብ ልብ ስጠን። ያለ ሰጋጅ የተቀበሩትን እዘንላቸው። አሚን። ሶፋችሁን አስተካክሉ።