እጅ እስኪለምደው

ልጆቼ፣ ሱቅ፣ ጋራዥ ወይም መጋዘን ከፍታችሁ ሰው ማሠራት ለጀመራችሁ ሁሉ አንድ ምክር አለኝ። ሠራተኛችሁ አንድ ቀን በትክክል ስለሠራ ሥራውን ቻለው አትበሉ። ቻለው የሚባለው ገበያው በደራበት፣ ስልኩ በሚጮኽበት፣ እናንተም በሌላችሁበት ቀን ሳይዛነፍ ሲሠራው ነው።

ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። በምሠራበት የመኪና መለዋወጫ መደብር ዕቃ ቤቱን አጥርቶ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር። የትኛው ካንዴላ ለየትኛው መኪና እንደሚሆን፣ ፊልትሮው የቱ መደርደሪያ ላይ እንዳለ በቃሉ ይዞታል። እኛም በእሱ እየተማመንን ሌላ ሰው ሳናስተምር ዓመታት አለፉ። እሱ የታመመ ዕለት ግን ዕቃው ሞልቶ ሳለ ደንበኛ «የለም» እየተባለ ይመለስ ጀመር። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ እኛ ሁሉንም ሎሚ አንድ ሰው አሸክመን ነበር።

ከዚያ በኋላ አንዲት ሥራ መርጠን ጀመርን፤ ዕቃ ሲገባም ሲወጣም እዚያው ቢን ካርድ በሚባለው የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ ላይ መመዝገብ። መጀመሪያ ነባሩ ሲሠራ አዲሱ ያያል። ቀጥሎ አዲሱ ሲሠራ ነባሩ ያያል። በመጨረሻ አዲሱ ለሌላ ሰው ያስተምራል፤ ያልገባው ነገር የሚገለጠው ያኔ ነው። ማታ ጥቂት ዕቃ ቆጥረን ከካርዱ ጋር እናመሳክራለን። ልዩነት ሲገኝ «ማን አጠፋ?» አንልም፤ «የቱ ጋ ዘለልን?» እንላለን። ሰው በደንበኛ ፊት ከተዋረደ ስህተቱን መደበቅ ይለምዳል፤ የተደበቀ ስህተት ደግሞ አይታረምም።

እንጀራ የምትጋግር እናት ሊጡን ከዳር ጀምራ ወደ መሃል ስታዞር ዙሩን አትቆጥርም። ዓይኑ ሲወጣ አይታ ትከድናለች። እጇ እዚህ የደረሰው ግን ብዙ እንጀራ ስታበላሽ ከጎኗ የምታርማት ስለነበረች ነው። ለሠራተኞቻችሁም የሚበላሽ እንጀራ ፍቀዱላቸው፤ ነገር ግን ከጎናቸው አትራቁ።

ከጃፓን የመጣው ካይዘን የተባለው የሥራ ማሻሻያ ዘዴም በአገራችን በአምስት «ማ»ዎች ይታወቃል፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በአንድ ሳምንት ዘመቻ የሚያሳምር ብዙ ነው። ሥራ ከእጅ ጋር የሚዋሐደው ግን በመጨረሻዎቹ ሁለቱ ነው፤ እነሱም ጭብጨባ የሌለበት የየቀኑ ድግግሞሽ ናቸው። የለመደ እጅም ሊዘናጋ ይችላልና የማታውን ቆጠራ ከዓመታት በኋላም አትተዉ።

ዛሬ ማታ በሩን ከመቆለፋችሁ በፊት «ነገ እኔ ብቀር የትኛው ሥራ ይቆማል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ያንኑ ሥራ ነገ ጠዋት ለአንድ ሰው ማሳየት ጀምሩ።