ሰው ስላላየው መልካም ሥራ

አንባቢ ሆይ፤ በጋይንት፥ በስማዳ ወይም በእስቴ ገበያ ሁለት ሸማኔዎች ጋቢ ይዘው ቢቀርቡ፥ አንዱም አጥብቆ ሌላውም አላልቶ የሠራ ቢሆን፥ ገዢው ሳይመረምር በአንድ ዋጋ ይገዛቸዋል። እንግዲህ ፊተኛው፦ «ማንም ካላየልኝ ስለ ምን እደክማለሁ?» ቢል ምን እንመልስለታለን?

ጎጃሜው አቡ ሩሚ በካይሮ ተቀምጦ ዐሥር ዓመት ያህል እየደከመ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሰ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1818 ፈጸመ፤ ብዙም ሳይቈይ ሞተ። ሙሉው መጽሐፍ የታተመው ግን በ1840 ነው። እርሱ ምስጋናን ሳይሰማ አለፈ፤ ድካሙ ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም።

ወንድሜ ሆይ፤ ትዕግሥት ዝምታ አይደለም። የሥራህን ጥንካሬ ለገዢው በእውነት አሳየው፤ የሚገባውንም ዋጋ ጠይቅ። ባይሰጥህ ግን ማጉን አታላላ። ዋጋውን ያሳነሰብህ ገዢው ነው፤ በደጋው ብርድ የሚንቀጠቀጠው ግን ጋቢውን የሚለብሰው ልጅ ነውና። ለምስጋና ብቻ የሠራህ እንደ ሆነ፥ ምስጋናው ሲቀር ሁሉ ይቀርብሃል። ለባልንጀራህ የሠራህ እንደ ሆነ ግን፥ ልጁ በሞቀበት ሌሊት ሥራህ ፍሬውን አፍርቷል፤ ስምህን ማንም ባያውቅ እግዚአብሔር ያውቀዋል።