«ወባ ለምዶኛል» አትበይ

ልጄ፣ ትምህርትሽን ጨርሰሽ ከአዲስ አበባ ወደ ሆሞሻ ልትመለሺ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። የመጀመሪያ ልጅሽንም፣ ኢንሻአላህ፣ እዚሁ ትወልጃለሽ። ያሳሰበኝ ግን እናትሽ ስለ ወባ ስታነሳብሽ «እኔ እኮ የቆላ ልጅ ነኝ፣ ወባ ለምዶኛል» ማለትሽ ነው። ይህን አባባል ስሰማው ኖሬአለሁ። አደገኛ የሚያደርገው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው።

እውነቱን ላስቀድም። ሰውነት በሽታን ይማራል። እንግዳ ጀርም ሲገባበት፣ ከነጭ የደም ሴሎች መካከል ለዚያ ጀርም ብቻ የሚገጥሙት ጥቂቶቹ ተለይተው በንፍፊትና በጣፊያ ውስጥ ይባዛሉ። ከፊሎቹ ፀረ እንግዳ አካላት እያመረቱ ወደ ደም ይለቃሉ፤ ሌሎቹ የተለከፈውን ሴል ራሱን ፈልገው ይገድላሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን ይህ አንድ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። በሽታው ካለፈ በኋላ ግን ጥቂቶቹ ሴሎች ይቆያሉ፤ ያው ጀርም ቢመለስ በቀናት ውስጥ ይደርሱበታል።

ከፈንጣጣ የተረፈ ሰው ዳግም የማይያዘው በዚህ ነበር። ዓባይ ከእኛ ወርዶ በሚያልፍበት በሰናር አካባቢ የነበሩ ሴቶች ያለ ላቦራቶሪ ደርሰውበታል። በ1772 እ.ኤ.አ. ሰናር የቆየው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ በደረቁ ወራት የጥጥ ጨርቅ በታመመ ልጅ ክንድ ላይ ይጠመጥማሉ፤ ከልጁ እናት ጋር በዋጋ ይደራደራሉ፤ ከዚያ ጨርቁን ወስደው በራሳቸው ልጅ ክንድ ያስሩታል። «ፈንጣጣን መግዛት» ይሉት ነበር። አደጋ ነበረው፤ ቢሆንም የእነዚያን እናቶች አስተዋይነት አከብራለሁ። ክትባት ያንኑ ትምህርት ከአብዛኛው አደጋ ለይቶ ሰጠን፤ የአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚም በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ተገኘ።

ወባ ግን እንዲህ በአንድ ጊዜ የምትታወቅ አይደለችም። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዝርያ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ በሴሉ ገጽ ላይ አንድ ፕሮቲን ያወጣል፤ ሰውነትሽ ከሚለይባቸው ምልክቶች ዋናው ይህ ነው። ችግሩ ለዚህ ፕሮቲን ወደ 60 የሚጠጉ ዘረ መሎች አሉት፤ አንዱ ሲታወቅበት፣ ልብስ ቀይሮ ገበያ እንደሚመለስ ሌባ፣ ሌላውን ይዞ ይመጣል። ልጅ ሳለሽ ክረምት በወጣ ቁጥር ስትታመሚ ሰውነትሽ ልብሶቹን አንድ በአንድ እያወቀ ሄደ። በዚህ ያገኘሽው አቅም በሽታው እንዳይጸናብሽ የሚያግዝ እንጂ ወባ እንዳይዝሽ የሚከለክል አይደለም። እሱም በየጊዜው በመነደፍ ነው የሚታደሰው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፣ ወባ አይተላለፍባትም። እዚያ በኖርሽባቸው ዓመታት ጥበቃሽ ሳስቷል። አገርሽ ብትሆንም ለወባዋ እንግዳ ሆነሽ ነው የምትመጪው።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ እርግዝናው ነው። ስታረግዢ ከዚህ በፊት ያልነበረሽ አካል ይፈጠራል፤ እንግዴ ልጁ። ወባ እዚያ ላይ የሚጣበቅበት የተለየ ፕሮቲን አለው፣ ሴት ሳታረግዝ ሰውነቷ ይህን የሚማርበት ዕድል የላትም። ስለዚህ ከሆሞሻ ወጥታ የማታውቅ ሴት እንኳ በመጀመሪያ እርግዝናዋ ትጠቃለች። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሰውነቷ እያወቀው ይሄዳል። በመጀመሪያው ግን እናቲቱ ደም ያንሳታል፣ ልጁም ክብደቱ ጎድሎ ሊወለድ ይችላል፤ አንዳንዴ ብርቱ ትኩሳት ሳይታይ።

እንግዲህ ስሚኝ። ከመጣሽበት ምሽት ጀምሮ አጎበር ውስጥ ተኚ፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለሽ 24 ሰዓት ሳይሞላ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሄደሽ ደምሽን ተመርመሪ። እርግዝና ከጠረጠርሽ እንኳ የጤና ባለሙያዎቹን አትደብቂያቸው፤ መድኃኒቱ በእርግዝናው ወርና በወባው ዓይነት ይለያያል። ከሰው የተረፈ ኪኒን አትዋጪ። ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት ከታዘዘልሽ ሦስቱንም ቀን ጠዋትና ማታ፣ ምግብ ቀምሰሽ ውሰጂ፤ በሁለተኛው ቀን ቢሻልሽም አታቋርጪ።

ልጁ ከአንቺ በእንግዴ ልጁ በኩል ያለፉለትን ፀረ እንግዳ አካላት ይዞ ይወለዳል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ያልቃሉ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር የሚጀመረው እነዚህ ሲቀንሱ ሰውነቱ ራሱ እንዲማር ነው፤ የ15 ወሩንም እንዳትዘልይበት።