የእንጨት ለቃሚዋ ልጅ ምን ብሎ ይመልስ?



ዛሬ ለጁሙዓ ውዱእ ስታደርጉ ያ ውሃ ከየት እንደመጣ አስባችኋል?

አርባ ምንጭ ላይ መልሱ ሩቅ አይደለም። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ግርጌ፣ ደኑ ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። በጋሞ ደጋ የሚዘንበው ዝናብ ወደ መሬት ይሰርግና እታች ይፈልቃል፤ ደኑ በእሱ ይለመልማል፣ ከተማውም ከእሱ ይጠጣል። ሴቻ ከላይ ናት፣ ሲቀላ ከታች፤ ላይ የተጣለውን ቆሻሻ ጎርፍ ጠርጎ ወደ ታች ያወርደዋል። ከተራራው የታጠበው አፈርም ሐይቅ ይገባል። የአባያ ውሃ ቡናማ መልክ የያዘው በደለል ነው።

ይህን ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ማስተማር ቀላል ይመስላል። «ደን አትቁረጡ፣ ቆሻሻ አትጣሉ» ብሎ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። ግን እስቲ አንድ ልጅ አስቡ። እናቱ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ደኑ ወርዳ፣ እንጨት ለቅማ፣ በጀርባዋ ተሸክማ ዳገቱን ትወጣለች። ደብተሩ የተገዛው በዚያ እንጨት ዋጋ ነው። መምህሩ «ደኑን የሚጎዳው ማነው?» ሲል ይህ ልጅ ምን ብሎ ይመልስ? እውነቱን ቢናገር እናቱን ያሳፍራል። ዝም ቢል ደግሞ ትምህርት ማለት ለፈተና የሚሸመደድ ነገር ብቻ እንደሆነ ይማራል።

ልጅ በእናቱ ላይ እንዲፈርድ የሚያደርግ ትምህርት ትክክል ነውን?

«እንግዲያው ስለ ደኑ ባናስተምርስ?» የሚል ይኖራል። ይህም አይሆንም። ምንጩ ቢበላሽ ከማንም ቀድማ ጀሪካን ይዛ የምትንከራተተው ያችው እናት ናት። ደኑ አማና ነው፤ የእናትም ሐቅ አማና ነው። አንዱን አማና ለመጠበቅ ሌላውን መርገጥ ፍትሕ አይደለም።

መውጫው ጥያቄውን መለወጥ ነው። «ጥፋተኛው ማነው?» ከማለት ይልቅ «ምን ቢኖር ኖሮ እናቶች ወደ ደኑ ባልወረዱ?» እንበል። ልጆቹ የሰፈራቸውን ካርታ ይሳሉ፦ ውሃው ከየት ይመጣል? ጎርፉ በየት ይወርዳል? ማገዶው ከየት ይገኛል? ቆሻሻው የት ይጣላል? ከዚያም ለማገዶ የሚሆን ዛፍ የት ቢተከል፣ ቦዩ በየት ቢያልፍ እንደሚሻል ይከራከሩ። የአካባቢ ፕላን ማለት ይኸው ነው፤ የብዙ ሰውን ችግር አንድ ላይ አይቶ ለእያንዳንዱ ቦታ መስጠት። በዚህ ክርክር የእንጨት ለቃሚዋ ልጅ ከሁሉም የተሻለ አዋቂ ነው። የደኑን መንገድ ያውቃል፣ የሸክሙን ክብደት ያውቃል። ያሳፍረው የነበረው ነገር ዕውቀት ይሆንለታል።

የጋሞ ሕዝብ ዱቡሻ አለው፤ ሰዉ ተሰብስቦ የጋራ ጉዳዩን የሚመክርበት አደባባይ። እኛም ሹራን እናውቃለን። መመካከር ግን ያለ መስማት ከንቱ ነው። ልጆቹ ካርታቸውን ይዘው ቀበሌ ሄደው ፎቶ ብቻ ተነስተው ከተመለሱ፣ ያስተማርናቸው ቃላቸው ዋጋ እንደሌለው ነው። መልሱን ለመስማት ካልተዘጋጀን ልጅን አንጠይቅ።

በዚህ ሳምንት ታናሽ ወንድማችሁን ወይም እህታችሁን ይዛችሁ የውሃውን መንገድ ከቧንቧው እስከ ቦዩ ተከተሉ። በመንገዳችሁ እንጨት የተሸከመች እናት ካገኛችሁ ሰላም በሏት፣ ሸክሟን አግዟት፤ ምን ቢደረግላት እንደሚሻል የምትጠይቋት ከዚያ በኋላ ነው።

አላህ አማናቸውን ከሚወጡት ያድርገን። መልካም ጁሙዓ!