በማይታየው ወገን ስላለ ታማኝነት

የሰው እጅ የሠራውን ነገር ሁሉ ሁለት ዳኞች ይፈርዱበታል። አንደኛው የርክክቡ ዕለት ነው፤ ሁለተኛው ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ዳኛ ዓይኑን ብቻ ስለሚያምን በቶሎ ይረካል፤ ሁለተኛው ግን ፀሐይን፥ ዝናምንና አቧራን ምስክር አድርጎ ስለሚያቀርብ ፍርዱ ይግባኝ የለውም። አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ያሉት ይህን ሁለተኛውን ዳኛ አስበው ይመስለናል።

ይህን አሳብ ለመመርመር ከፍ ያለ የፍልስፍና መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገንም። በየመሥሪያ ቤቱ ደጅና በየሱቁ መስታወት ላይ የተለጠፈውን ጽሕፈት መመልከት ይበቃናል። ቀድሞ በብሩሽና በቀለም ይጻፍ የነበረው ታፔላ ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራው ቪኒል ከሚባለው፥ ጀርባው ሙጫ ከተቀባ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ፊደሉም በኮምፒዩተር በሚታዘዝ መቁረጫ ተቆርጦ ይለጠፋል። በተለጠፈበት ዕለት ርካሹም ውዱም እኩል ያበራል። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ልዩነቱ በዕለቱ የማይታይ ከሆነ፥ መልካሙን የመምረጥ ግዴታ ከወዴት ይመጣል?

ለመፍረድ አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ይገባል። ቪኒል የሚሠራበት ፒ.ቪ.ሲ. የተባለው ፕላስቲክ በባሕርዩ ደረቅ ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. ዋልዶ ሲመን የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ጎማን ከብረት ጋር የሚያጣብቅ ነገር ሲፈልግ፥ ይህን ደረቅ ነገር የሚያለሰልስበትን መንገድ አገኘ። ዳሩ ግን ማለስለሻው ሁሉ አንድ አይደለም። ሞኖሜሪክ በሚባለው ቪኒል ውስጥ ያለው ማለስለሻ ቀስ በቀስ እየወጣ ስለሚያልቅ ገጹ ይደርቃል፤ ወደ ሙጫውም ሲገባ ሙጫውን ያደክመዋል። ፖሊሜሪክ በሚባለው ውስጥ ያለው ግን ከባድ ስለ ሆነ በቦታው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

አሠራሩም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በጋሉ የብረት ሲሊንደሮች መካከል እየተዳመጠ ይወጣል። ሊጥ በመዳመጫ ተስቦ ሲለቀቅ ወደ ኋላ እንደሚሰበሰብ፥ ይህም ቪኒል ተስቦ ስለ ተሠራ እያደር ይኮማተራል፤ ያን ጊዜ በፊደሉ ዙሪያ ሙጫው ይገለጥና አቧራ ይይዛል። ካስት የሚባለው ሁለተኛው ግን እንደ እንጀራ በፈሳሽነቱ ፈስሶ የሚበስል ነው፤ ስላልተሳበ የሚሰበሰብበት ምክንያት የለውም። የዚህ የተሻለው ውፍረት 50 ማይክሮን ያህል፥ ይኸውም የአንድ ሚሊሜትር ሃያኛ እጅ ሲሆን፥ የተዳመጠው አብዛኛውን ጊዜ 70 ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ በጣቱ ዳስሶ ወፍራሙን የሚመርጥ ሰው ብዙ ጊዜ ዝቅተኛውን ይዞ ይሄዳል።

በተለመደው የፋብሪካዎች አነጋገር፥ ሞኖሜሪኩ በደጅ ከ2 እስከ 4፥ ፖሊሜሪኩ ከ5 እስከ 7፥ ካስቱ ከ7 እስከ 10 ዓመት ያገለግላል። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ለመካከለኛው አውሮፓ አየርና ቀጥ ብሎ ለቆመ ታፔላ ነው። ቀለምን የሚያነጣው የፀሐይ ጨረር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ በ10 ከመቶ ገደማ ስለሚጨምር፥ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ ዕድሜው ከተጻፈው ያንሳል ብሎ ማሰብ አስተዋይነት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ለአትክልት ማጠጫ የተጠራቀመ ውኃ በብረት ታንከር አለ እንበል። በታንከሩ ላይ በላይኛው መስመር «ይህ ውኃ»፥ በታችኛው መስመር «አይጠጣም» ተብሎ በርካሽ ቪኒል ተለጥፎበታል። ከሁለት ክረምት በኋላ ከታችኛው መስመር ዳርና ዳር «አ» እና «ም» ወደቁ። የቀረው «ይህ ውኃ ይጠጣ» የሚል ነው። ማንበብን ገና የለመደ ሕፃን ለጽሕፈቱ ታዝዞ ቢጠጣ፥ ጥፋቱ የማን ነው? ሕፃኑ ሙጫውን አላየም፤ ዋጋ ሲወዳደርም አልተቀመጠም። እርሱ ያደረገው የተጻፈውን ማመን ብቻ ነው። ግዴታችን የሚመጣው ከዚህ እምነት ነው፤ ምርጫው ሲደረግ በቦታው ላልነበረውና ሊከራከረን ለማይችለው ሰው የተገባ ግዴታ ነው።

አንዳንድ ሰው ግን «የሕዝብን ገንዘብ መቆጠብ ይገባልና ዝቅተኛውን ዋጋ መያዝ ራሱ ታማኝነት ነው» ይል ይሆናል። ነገሩ እውነት አለበት፤ ነገር ግን ሒሳቡ ሙሉ አይደለም። በሦስት ዓመት የሚረግፈው በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይገዛል፤ አሮጌውን የመፋቅ ድካምም ይጨመርበታል። ከዚህም የከፋ ነገር አለ። በግዢ ጥያቄያችን ላይ «ቪኒል» ብለን ብቻ ስንጽፍ፥ ካስቱን አስቦ ዋጋ ያቀረበው ባለሙያ ይወድቃል፤ ሞኖሜሪኩን ያቀረበው ያሸንፋል። እንዲህ ስናደርግ እኛው ራሳችን በቸልተኝነታችን ሐቀኛውን ሰው ቀጥተነዋል ማለት ነው፤ በሚመጣው ዓመት እርሱም እንደ ባልንጀራው ቢያደርግ ለመውቀስ አፍ የለንም።

እንዲህ ስንል ሁልጊዜ ውዱ ይገዛ ማለታችን አይደለም። ለሦስት ቀን ስብሰባ አቅጣጫ የሚያመለክት ወረቀት ከካስት ቢሠራ ብክነት ነው፤ ለዚያ በቀላሉ የሚነሣ ሙጫ ያለው ርካሹ ይሻላል። ሻካራ የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ቪኒልን አጥብቆ ስለማይዝ በብሩሽ መጻፍ ይበልጣል። መልካም ዕቃ ማለት የተናገረውን ያህል የሚቆይ፥ የሚቆየውንም ያህል የሚናገር ነው። ሞኖሜሪኩ በራሱ ውሸት አይደለም፤ ውሸት የሚሆነው በካስት ስም ሲሸጥ ነው።

ስለዚህ ገዢ የሆነ ሰው ዓይነቱን፥ የሙጫውን ጠባይና የአገልግሎቱን ዘመን በግልጥ ይጻፍ። ናሙና ተቀብሎ በብረት ላይ ይለጥፍ፤ በምላጭ የመስቀል ምልክት ቆርጦበት ለጥቂት ሳምንታት ፀሐይ ላይ ያኑረው፤ የቁርጡ አፍ ከተከፈተ ዕቃው እየተኮማተረ መሆኑን ራሱ መስክሯል። ሠሪውም ገጹን ከቅባትና ከአቧራ አጽድቶ፥ አድርቆ ይለጥፍ፤ በአቧራ ላይ የተለጠፈ ካስት ከአቧራው ጋር ይወድቃልና።

ብራና ፍቀው ቀለም በጥብጠው የጻፉ አባቶች መጽሐፋቸውን የሚገልጠውን ሰው አላወቁትም፤ ቢሆንም ለእርሱ ተጠነቀቁለት። እኛም በርክክብ ሰነድ ላይ ስንፈርም ለዚያ ዕለት ብቻ የምንፈርም አይምሰለን። ፊርማችን ከሙጫው ጋር በደጅ ይውላል፥ ያድራል፤ ማን እንደ ፈረመ የማያውቀውም መንገደኛ በእርሱ ይመራል።